«ኖ አብላ» ወይስ «ኖ አብሌስ»? በስፓኒሽ «አታድርግ» ማለት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ምግብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። የወጥ ቤቱ ቋንቋ ስፓኒሽ ነው። ማዘዝ ለምጃለሁ፦ አብላ (ተናገር)፣ ኮሜ (ብላ)፣ ኤስክሪቤ (ጻፍ)። ለመከልከል ግን ከፊቱ 'ኖ' ብጨምርበት አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ግራ ይጋባል። 'ኖ አብሌስ፣ ኖ ኮማስ' በል ብለው አረሙኝ። መጨረሻው ለምን ይገለባበጣል? ሁሉም ግስ እንዲህ ነው?»

የሳቁት «ኖ አብላ» ትርጉም የሌለው ንግግር ስለሆነ አይደለም። ትርጉም አለው፤ ትርጉሙ ግን «አይናገርም» ነው። «ኖ ኮሜ» ደግሞ «አይበላም»። እርስዎ ጓደኛዎን «አትብላ» ያሉ ሲመስልዎት ስለ ሌላ ሰው ወሬ ነግረውታል። ከ«ኖ» በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ከወሰዱ ጭራሽ ይገለበጣል፤ «ኖ፣ አብላ» ማለት «አይ፣ ተናገር» ነው።

በስፓኒሽ የ«አንተ»ን የአዎንታ ትእዛዝ በአሉታ ማሰር አይቻልም። ክልከላ የራሱ ቅርጽ አለው። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እኛም ከ«ብላ» ተነስተን «አልብላ» ብለን ሰው አንከለክልም፣ «አትብላ» ወደሚለው ሌላ ቅርጽ እንሄዳለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነገር ሁሉ የሚያቀልልዎ ግን የአማርኛዋ «ም» ናት። «አትናገርም» ሲሉ እየገለጹ ነው። «ም»ን ቢጥሏት «አትናገር» ይሆናል፤ እየከለከሉ ነው። ስፓኒሽ ይህን ሥራ የሚያሠራው በመጨረሻው አናባቢ ነው፦

ኖ አብላስ፦ አትናገርም። ኖ አብሌስ፦ አትናገር።
ኖ ኮሜስ፦ አትበላም። ኖ ኮማስ፦ አትብላ።
ኖ ኤስክሪቤስ፦ አትጽፍም። ኖ ኤስክሪባስ፦ አትጻፍ።
ኖ አብላሞስ፦ አንናገርም። ኖ አብሌሞስ፦ አንናገር።

አማርኛው «ም»ን ከመጣል ሌላ ብዙ ጊዜ የግሱን ውስጥ ይነካል («አትበላም» እና «አትብላ»ን ልብ ይሏል)። ስፓኒሹ በመደበኛ ግስ ላይ የሚነካው መጨረሻውን ብቻ ነው።

አሁን አሠራሩ። የግሱን የ«እኔ» ቅርጽ በአሁን ጊዜ ይውሰዱ፦ አብሎ (እናገራለሁ)፣ ኮሞ (እበላለሁ)፣ ኤስክሪቦ (እጽፋለሁ)። በፊደላችን ሲጻፉ ሦስቱም በሳብዕ ያልቃሉ፦ ሎ፣ ሞ፣ ቦ። ቀጥሎ ግሱ በመዝገበ ቃላት ውስጥ በምን እንደሚያልቅ ያስታውሱ። በ«አር» ካለቀ፣ እንደ አብላር፣ ያንን ሳብዕ ወደ ኃምስ ይለውጡት፤ ሎ ሌ ይሆናል። በ«ኤር» ወይም በ«ኢር» ካለቀ፣ እንደ ኮሜርና ኤስክሪቢር፣ ወደ ራብዕ ይለውጡት፤ ሞ ማ፣ ቦ ባ ይሆናል። ከፊቱ «ኖ» ያስገቡ፤ ከኋላው የባለቤቱን ምልክት ይጨምሩ፦

ለአንተና ለአንቺ (ቱ)፦ ኖ አብሌስ፣ ኖ ኮማስ፣ ኖ ኤስክሪባስ
ለእርስዎ (ኡስቴድ)፦ ኖ አብሌ፣ ኖ ኮማ፣ ኖ ኤስክሪባ
ለእናንተ (ኡስቴዴስ)፦ ኖ አብሌን፣ ኖ ኮማን፣ ኖ ኤስክሪባን
ለእኛ (ኖሶትሮስ)፦ ኖ አብሌሞስ፣ ኖ ኮማሞስ፣ ኖ ኤስክሪባሞስ
በስፔን ብቻ ለእናንተ (ቦሶትሮስ)፦ ኖ አብሌይስ፣ ኖ ኮማይስ፣ ኖ ኤስክሪባይስ

ጾታ አይለይም። «አትናገር»ም «አትናገሪ»ም ኖ አብሌስ ነው።

መደበኛ ከሆነ ግስ ለመነሳት የ«እኔ»ው ቅርጽ የግድ አያስፈልግም፤ ከአብላር ላይ «አር»ን ቆርጦ መጣልም እዚያው ያደርሳል። ሆኖም ከመጀመሪያው ከሳብዑ መነሳትን ይልመዱ፤ ጥቅሙ መደበኛ ያልሆኑት ግሶች ሲመጡ ይታያል።

የአናባቢው መገላበጥ ከላቲን የተወረሰ ነው። ላቲንም በዚህ ስልት የ«አ» ግሶቹን በ«ኤ»፣ የቀሩትን በ«አ» ያሰማ ነበር። ስፓኒሾች ቅርጹን ሱብኹንቲቦ ይሉታል። የግዕዝ ሰዋስው የተማረ ሰው ዘንድ አንቀጽን ቢያስብ ብዙ አይርቅም፤ ግዕዙም «ኢትቅትል» ብሎ የሚከለክለው በዘንድ አንቀጽ እንጂ በትእዛዝ አንቀጽ አይደለም። ሱብኹንቲቦ ከክልከላ ውጭም ይመጣል፦ «ኪዬሮ ኬ ኖ አብሌስ» (እንዳትናገር እፈልጋለሁ)። ስለዚህ ይህን መልመድ ለአንድ ሰዋስው ብቻ የሚደረግ ልፋት አይደለም።

አሁን ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች።

የመጀመሪያው የግሱን ቤት (በ«አር»፣ በ«ኤር» ወይስ በ«ኢር» እንደሚያልቅ) አለማወቅ ነው። «ኤስ» ለአንዱ ቤት ክልከላ፣ ለሌላው ተራ መግለጫ ነው። ኖ አብሌስ ይከለክላል፣ ኖ ኮሜስ ይገልጻል። ልዩነቱ አፍጥጦ የሚወጣው ክሬአር (መፍጠር) እና ክሬኤር (ማመን) ላይ ነው። ሁለቱም በ«እኔ» ክሬኦ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ «ኖ ክሬአስ» ከክሬኤር ከመጣ «አትመን» ነው፤ ከክሬአር ከመጣ «አትፈጥርም» ነው። «ኖ ክሬኤስ» ደግሞ ተገላቢጦሹ። ስፓኒሽ ተናጋሪው ራሱ የሚለየው በአገባቡ ነው። አዲስ ግስ ሲይዙ ስለዚህ ከነመጨረሻው ይያዙት፤ «ኮም ማለት መብላት» ብሎ ግንዱን ብቻ መሸምደድ በኋላ ያስከፍላል።

ሁለተኛው የድምፅ ጭነት (የትኛው ቀለም ጠንክሮ እንደሚነገር) ነው፤ ይህን ደግሞ የእኛ ፊደል አያሳይም። «ኖ አብሌ» ሲባል ጭነቱ መጀመሪያው «አ» ላይ ካረፈ «አይናገሩ» ነው። ጭነቱ «ሌ» ላይ ካረፈ «አልተናገርኩም» ይሆናል፤ በላቲን ፊደል ሲጻፍም መጨረሻው ላይ ጭረት ይታከልበታል። ስለዚህ የቱ፣ የኡስቴድና የኡስቴዴስ ቅርጾች ጭነታቸው ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ መሆኑን ጆሮዎ እስኪለምደው ጮክ ብለው ይበሉት።

ሦስተኛው ጽሑፍ ላይ የሚመጣ ነው። በፊደላችን ሲጻፍ ቶካር (መንካት)፣ ቶኮ፣ ኖ ቶኬስ ምንም ችግር የለበትም፤ ኮ ኬ ሆነ፣ አለቀ። በላቲን ፊደል ግን ቶካር የሚጻፍበት «ሴ» (c) የተባለው ፊደል ከ«ኤ» ፊት ሲቆም የ«ክ» ድምፁን ያጣል። ድምፁን ለማቆየት «ሴ» ወጥቶ «ኩ» (q) እና «ኡ» (u) ይተኩታል። ሳካር (ማውጣት) እንዲሁ፦ ኖ ሳኬስ። በ«ጋር» የሚያልቁት፣ ዬጋር (መድረስ)፣ አፓጋር (ማጥፋት)፣ ከ«ኼ» (g) ፊደል ኋላ የማይነበብ «ኡ» ያስገባሉ፤ ካልገባ «ግ» የነበረው «ኽ» ሆኖ ይነበባል። ኖ ዬጌስ ታርዴ (አርፍደህ አትምጣ)፣ ኖ አፓጌስ ኤል ኦርኖ (ምድጃውን አታጥፋ)። ክሩሳር (መሻገር) በ«ሴታ» (z) ይጻፋል፤ ከ«ኤ» ፊት «ሴታ» በ«ሴ» ትተካለች፣ የላቲን አሜሪካ ሰው ሁለቱንም «ስ» ብሎ ስለሚያነባቸው ጆሮ ልዩነቱን አይሰማም። ሬኮኼር (መሰብሰብ፣ ማንሳት) በተቃራኒው ነው፤ ወደ ራብዕ ሲሄድ «ኼ» በ«ኾታ» (j) ይተካል፦ ኖ ሬኮኻስ። እነዚህን መደበኛ ያልሆኑ ብሎ መፍራት አያስፈልግም። አፍ ሕጉን ጠብቋል፣ የተስተካከለው የብዕር ሥራ ነው።

እግረ መንገድ አንድ ማስጠንቀቂያ። በስፔን ኮኼር ማለት ተራ «መያዝ፣ መውሰድ» ነው፤ በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን ጸያፍ ቃል ነው። «አትያዘው» ለማለት አጋራርን ይጠቀሙ፦ ኖ ሎ አጋሬስ።

ይህች «ሎ» ወደ ሌላ ትልቅ ነገር ትወስደናለች። አማርኛ «እሱን» የሚለውን በግሱ ጅራት ላይ ይሰካል፦ ንካው፣ አትንካው። ስፓኒሽ በአዎንታ ከእኛ ጋር ይስማማል፦ ቶካሎ (ንካው)። በክልከላ ግን «ሎ» ከጅራት ተነስታ በ«ኖ» እና በግሱ መካከል ትገባለች፣ ለብቻዋም ትጻፋለች፦ ኖ ሎ ቶኬስ። ከአማርኛ የሚመጣ ሰው በብዛት የሚሳሳተው «ኖ ቶኬስሎ» እያለ ነው። አብላሜ (አናግረኝ) ኖ ሜ አብሌስ ይሆናል። በእኛ ግስ ላይ ሁለት ተሳቢ ምልክቶች አይደራረቡም፤ በስፓኒሽ ግን ይደራረባሉ፣ ሰውየው ይቀድማል፣ ዕቃው ይከተላል፦ ኖ ሜ ሎ ቤንዳስ (እሱን አትሽጥልኝ)። ተቀባዩ «ሌ» ከሆነና ቀጥሎ «ሎ» ከመጣ «ሌ» ወደ «ሴ» ይለወጣል፦ ኖ ሴ ሎ ቤንዳስ (እሱን አትሽጥለት)። «ኖ ሌ ሎ» የሚል ጥምረት የለም።

ራሱ ላይ የሚመለስ ግስም በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል፦ ሌባንታቴ (ተነስ)፣ ኖ ቴ ሌባንቴስ (አትነሳ)። እዚህ ላይ ዋናው ጥንቃቄ ምልክቱና ግሱ በባለቤት እንዲስማሙ ነው። ኖ ቴ ፕሬኦኩፔስ «አትጨነቅ» ነው፣ ኖ ሴ ፕሬኦኩፔ «አይጨነቁ» ነው። «ኖ ሴ ፕሬኦኩፔስ» ግን አክብሮ የጀመረ ሰው አንተ ብሎ እንደጨረሰ ይቆጠራል። ለ«እኛ» ደግሞ አዎንታው ሌባንቴሞኖስ (እንነሳ) ሲባል መካከሉ ላይ «ስ» ይወድቃል፤ በክልከላ «ኖስ» ወደ ፊት ስለሚሄድ «ስ» በቦታው ይኖራል፦ ኖ ኖስ ሌባንቴሞስ።

እንግዲህ እንደ እርስዎ ባለ ሥራ ቦታ ቶሎ የሚፈለጉት እነዚህ ናቸው፤ ሁሉም ከላይ ባለው ሕግ የተሠሩ ናቸው፦

ኖ ቶኬስ ላ ፕላንቻ፦ የመጥበሻውን ብረት አትንካ (ቶካር)
ኖ አብራስ ኤል ኦርኖ ቶዳቢያ፦ ምድጃውን ገና አትክፈት (አብሪር)
ኖ ሜታስ ላ ማኖ፦ እጅህን አታስገባ (ሜቴር)
ኖ ሜስክሌስ ላስ ሳልሳስ፦ ስጎዎቹን አትቀላቅል (ሜስክላር)
ኖ ቲሬስ ላ ካኻ፦ ካርቶኑን አትጣል (ቲራር)
ኖ ኮራስ፦ አትሩጥ (ኮሬር)
ኖ ዴኼስ ላ ፑዌርታ አብዬርታ፦ በሩን ክፍት አትተው (ዴኻር)

«ምንም»፣ «ማንም» ሲገባ አማርኛዎን ይመኑ። «ምንም አትንካ» ውስጥ ሁለት አሉታ እንዳለ ሁሉ «ኖ ቶኬስ ናዳ» ውስጥም ሁለት አለ፣ አይጠፋፉም። «ማንንም አትጥራ»፦ ኖ ያሜስ አ ናድዬ። ከ«ናድዬ» ፊት ያለችው «አ» ለሰው ተሳቢ የእኛን «ን» ሥራ ትሠራለች፤ አትርሷት። «ኑንካ» (በፍጹም) ከግሱ በፊት ከመጣ «ኖ» ይቀራል፣ ቅርጹ ግን ያው ነው፦ ኑንካ አብራስ ኤሳ ካኻ (ያንን ካርቶን በፍጹም አትክፈት)። ሁለት ክልከላ ሲያያዝ ሁለተኛው ላይ «ኒ» ይገባል፦ ኖ ኮማስ ኒ ቤባስ አኪ (እዚህ አትብላ፣ አትጠጣ፤ ለአንድ ሰው ሲነገር)።

ማንን እንዴት ይጥሩ? «እርስዎ»ን ለሚያውቅ ሰው ኡስቴድ ቀላል ነው። መነሻው «ክብርዎ» እንደማለት ያለ አጠራር ስለሆነ ግሱ የሩቅ ሰው ግስ ነው፤ እኛም «አይናገሩ» ስንል በ«እነሱ» ግስ ነው የምናከብረው። ደስ የሚለው፣ በኡስቴድ አዎንታውና ክልከላው አንድ ቅርጽ ነው፦ አብሌ (ይናገሩ)፣ ኖ አብሌ (አይናገሩ)። ኡስቴዴስም እንዲሁ፦ አብሌን፣ ኖ አብሌን። እንግዲህ ከላይ ከዘረዘርናቸው ውስጥ «ኖ» መጨመር ብቻ የማይበቃው ለቱና በስፔን ለቦሶትሮስ ነው። በስፔን «አብላድ» (ተናገሩ) የሚለውን ይዞ «ኖ አብላድ» ማለትም ያው ስህተት ነው፤ ትክክሉ ኖ አብሌይስ ነው።

ማንን በኡስቴድ፣ ማንን በቱ የሚለው አገር በአገር ይለያያል። በስፔን ሰው ቶሎ ወደ ቱ ይገባል፤ በኮሎምቢያ አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ቤተሰብ ሳይቀር በኡስቴድ ይነጋገራል። ለማያውቁት ወይም በዕድሜ ለሚበልጥዎ ሰው በኡስቴድ ቢጀምሩ የሚቀየም አይኖርም። ከኤል ሳልቫዶር ሰዎች ጋር የሚውሉ ከሆነ ግን አንድ ሌላ ነገር ይሰማሉ፤ እነሱ በቱ ፈንታ «ቦስ» ይላሉ፣ ክልከላውንም ጭነቱን መጨረሻ ላይ አሳርፈው ይናገሩታል። አናባቢው ያው ኖ አብሌስ፣ ኖ ኮማስ ነው፤ የሚጠነክረው «ሌስ»ና «ማስ» ላይ ነው። እርስዎ በቱ አነጋገር ቢሉት ይገባቸዋል፣ አይሳሳቱም።

በግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ አይቅዱ። «ኖ ፉማር» (ማጨስ የለም)፣ «ኖ ቶካር» (መንካት የለም)፣ «ኖ ኤስታስዮናር» (መኪና ማቆም የለም) በአርእስቱ (በመዝገበ ቃላቱ ቅርጽ) የተጻፉት ለማንም ስላልተነገሩ ነው፤ «ማጨስ ክልክል ነው» እንደምንለው። ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ግን ኖ ፉሜስ ወይም ኖ ፉሜ ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ዐሠርቱን ትእዛዛት በስፓኒሽ ቢሰሙ ሦስተኛ ቅርጽ ይገጥምዎታል፦ ኖ ማታራስ (አትግደል)፣ ኖ ሮባራስ (አትስረቅ)። ያ የትንቢት ጊዜ ነው፤ ክብደት ያለው ሕግ ሲደነገግ እንጂ ሽንኩርት ሲከተፍ አይነገርም።

ሁሉም ግስ እንዲህ ነው ወይ ላሉት፣ አብዛኛው ነው። ከሳብዑ ተነሱ ያልኩት ለዚህ ነበር። ቴኔር (መያዝ፣ መኖር) በ«እኔ» ቴንጎ ይሆናል፣ ክልከላው ቴንጋስ። ፖኔር (ማስቀመጥ) ፖንጎ፣ ኖ ፖንጋስ። አሴር (ማድረግ) አጎ፣ ኖ አጋስ። ዴሲር (ማለት) ዲጎ፣ ኖ ዲጋስ። ሳሊር (መውጣት) ሳልጎ፣ ኖ ሳልጋስ። ጎ ጋ ሆነ እንጂ ሕጉ አልፈረሰም። ሴራር (መዝጋት) ሲዬሮ ብሎ መካከሉን ይለውጣል፣ ክልከላውም ኖ ሲዬሬስ ነው፤ ለ«እኛ» ግን ለውጡ ይቀራል፣ ኖ ሴሬሞስ ይባላል።

ከሕጉ የሚወጡት በ«እኔ» ሲነገሩ በሳብዕ የማያልቁት ናቸው፦ ሶይ (ነኝ)፣ ኤስቶይ (እገኛለሁ)፣ ዶይ (እሰጣለሁ)፣ ቦይ (እሄዳለሁ)፣ ሴ (አውቃለሁ) እና ረዳት ግሱ ኤ። ክልከላቸው በቅደም ተከተል ኖ ሴአስ፣ ኖ ኤስቴስ፣ ኖ ዴስ፣ ኖ ባያስ፣ ኖ ሴፓስ፣ ኖ አያስ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በትእዛዝ እምብዛም አይሰሙም። ከእነዚህ «ኖ ባያስ»ን አስቀድመው ይሸምድዱት። ከኋላው «አ» እና የማንኛውም ግስ አርእስት ሲገባበት የእኛን የማስጠንቀቂያ «እንዳት...» ይሰጣል፦ ኖ ባያስ አ ቶካር ላ ፕላንቻ (ብረቱን እንዳትነካ!)። ግሱን ማርባት ባይሆንልዎት እንኳ ሰው እጁን ከማቃጠሉ በፊት ይህን ማለት ይችላሉ።